አናት ላይ የቀለጠ ቅቤ

እትዬ ራሂማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቂርቆስ ውስጥ ቅቤ ሸጠዋል፤ ከሱቃቸው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። ክዳኑን ገልጠው አንዴ ካሸተቱ፣ ቅቤው የሸኖ ይሁን የወሎ፣ ለጋ ይሁን የሰነበተ ይናገራሉ። የሚገርመው አፍንጫቸው ምንም አልረሳም። እሳቸው ግን ባለፈው ወር ሊያነጥሩት የጣዱትን ቅቤ ረስተው ወጡ። ጎረቤት በር ሰብሮ ገብቶ ነው እሳቱን ያጠፋው።

ከዚያ ወዲህ ልጃቸው ዓብዱልሀኪም የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ብቻሽን አትኖሪም፤ ከተማው ዳር ኮዬ ፈጬ፣ እኔ ጋ ትመጫለሽ።» እሳቸው ደግሞ ከቂርቆስ መውጣትን ከሞት አይለዩትም። በመጨረሻ ተስማሙ። ካዛንቺስ የሚገኝ አንድ ክሊኒክ የመርሳት ችግር ያለባቸውን አረጋውያን አንጎል በቀላል ኤሌክትሪክ እያነቃቃ ያጠናል፤ ቀዶ ጥገናም መርፌም የለውም። እዚያ እየተመላለሱ መርሳቱ ካልባሰባቸው ቂርቆስ ይቆያሉ። ከባሰባቸው የቤቱን ቁልፍ ያስረክባሉ።

ዛሬ ልጃቸው ሊያይ አብሮ ገባ።

ነርሷ ፀሎት በጨው ውሃ የራሰውን ስፖንጅ ግንባራቸውና አናታቸው ላይ አስራ ማሽኑን ከፈተች። ትንሽ ሳጥን የምታክለው ማሽን ጮኸች። ስፖንጁን እንደገና አርሳ ሞከረች። አሁንም ጮኸች።

«ኤሌክትሪኩ አያልፍም እኮ!»

«እኔን ምን አድርጊ ትይኛለሽ? ልግፋው?» አሉ እትዬ ራሂማ።

ፀሎት ሳቀች። ዓብዱልሀኪም አልሳቀም፤ ከእናቱ ጆሮ ጀርባ አንዲት ቢጫ ጠብታ ወደ አንገታቸው ስትወርድ እያየ ነበር።

«እትዬ፣ ቅቤ ተቀብተዋል እንዴ? ፀጉርዎን ታጥበው ይምጡ ብዬ ነበር እኮ።»

«አልተቀባሁም።»

«እማ» አለ ዓብዱልሀኪም ቀስ ብሎ፣ «ማን ቀባሽ?»

«አልተቀባሁም አልኩ! ማሽናችሁ ሲበላሽ በእኔ ታላክካላችሁ?»

ጎረቤቴ ቀባችኝ ቢሉ ማን ሊያጣራ ነው? እሳቸው ግን አናታቸውን ዳሰሱ፤ ጣታቸውን አሸተቱ። ፊታቸው ተለወጠ።

«የሸኖ ነው» አሉ። «ትናንት የከፈትኩት። ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው የለም። እኔው ነኝ የቀባሁት።» ድምፃቸው ወረደ። «አላስታውስም፣ ልጄ።»

ይህን እንዲሉ ማንም አላስገደዳቸውም። ቁልፉንም ሳይጠየቁ ከደረታቸው አውጥተው ዘረጉ።

ዓብዱልሀኪም ተቀበለና እጅጌውን ሰበሰበ። የእናቱን ራስ መታጠቢያው ላይ ደፍቶ በሳሙና ያሽ ጀመር።

«ቀስ በል አንተ! ምንጣፍ ነኝ እንዴ?»

«ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ይገባብሻል።»

ፀጉራቸው ደርቆ ስፖንጁ ሲታሰር ሳጥኗ ዝም አለች። እትዬ ራሂማ ልጃቸውን ሳያዩ ጠየቁ፦

«ዛሬ የት ነው የማድረው?»

«እኔ ጋ።» የሰበሰበውን እጅጌ እያወረደ ጨመረ፣ «ጠዋት ሱቅሽ አደርስሻለሁ።»

«ከኮዬ ፈጬ? በዚያ መንገድ?»

«በየቀኑ» አለ።