ሳል የማይሰማበት ቤት

«አንተ የመስኮት ነፋስ፣ ቀስ እያልክ ግባልኝ፤
የተኛ ሰው አለ... እም... እም... እም አለኝ...»

አሮጊቷ የዘፈኑን ቀሪ አታውቀውም። ድሮ ታውቀው ነበር፤ ዘመን ከጥርሷ ጋር አብሮ ነቀለባት። ግን ቤት ሊያይ የመጣ ገዢ በሩን ባንኳኳ ቁጥር ያችኑ ግማሽ ዘፈን ከፍ አድርጋ ታንጎራጉራለች። ዘፈን አምሯት አይደለም። ከኩሽናው ኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ባሏ ተኝቷል፤ ሳሉ ሲነሳበት ድምጿ እንዲሸፍንለት ነው።

ሰፈሩ «እትዬ ሰም» ይላታል፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ቤት ወለል በሰም ስትወለውል የኖረች ናትና። ባሏ ደግሞ ወለል ፋቂ ነበር። ይህ ፎቅ ላይ ያለ የጥንት ቤት ሲታደስ፣ ስንት ዘመን ጥቁር ቀለም ተለቅልቆ የኖረውን ጣውላ እየፋቀ እንደ ማር የጠራ መልኩን ያወጣለት እሱ ነው። ቤቱ ወጣት ሆነ፤ ብናኙን የዋጠው ሳንባ ግን አረጀ። አናጢዎቹ ሄዱ፣ ቀለም ቀቢዎቹ ሄዱ፤ እሱ አልጋ ያዘ።

ቤቱን የሚያሻሽጠው ደላላ ክፉ ሰው አይባልም። «ቤቱ እስኪሸጥ እየጠበቃችሁ ተቀመጡ። ገዢው ከወደዳችሁ እንድትቀጥሉ እለምንላችኋለሁ። ብቻ በሽተኛ እንዳለ ማንም እንዳይሰማ!» አላቸው። እትዬ ሰም በዚህች ቃል ላይ ክረምቱን ሙሉ ተንጠልጥላ ቆየች። ሌላ መጠጊያ የላቸውም።

አንድ ቀን መነጽር ያደረገች፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ቤቱን ልታይ መጣች። ከታች መንገዱ ይፈላል፤ ረዳቶች ተሳፋሪ ይጠራሉ፣ የጫማ ሰፊው መዶሻ ያስተጋባል፣ ሁለት ሱቆች በሙዚቃ ይጯጯሃሉ።

«ጣሪያውን ይዩልኝ» አለ ደላላው። «አበባው ሁሉ የእጅ ሥራ ነው። ዛሬ ቢፈልጉትም አያገኙት።»

ሴትዮዋ ግን ጎንበስ ብላ ወለሉን በመዳፏ ዳሰሰች። «ይሄንንስ ማነው እንዲህ ያሳመረው?»

«ውጭ አገር የተማረ ባለሙያ ነው» አለ ደላላው፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

ከኩሽናው ኋላ «እህ... እህ...» የሚል ድምፅ ጀመረ። እትዬ ሰም ቶሎ ዘፈኗን አነሳች።

«እማማ ከሬዲዮ ይሻላሉ» ብሎ ሳቀ ደላላው፤ «ባትሪ አይጨርሱ!»

ሴትዮዋም ፈገግ አለች። «ይቅርታ እማማ፣ ለአፍታ ዝም ይበሉልኝ። መስኮቱን ዘግቼ ቤቱን ላዳምጠው። እናቴ በጫጫታ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ጸጥታ ካለው ነው የምገዛው።»

መስኮቱ ተዘጋ። መንገዱ ድንገት ራቀ። እትዬ ሰም ከንፈሯን ነከሰች። ያንን ሳል ታውቀዋለች፤ አንዴ ከተነሳ ደረት ሳይንድ አይመለስም። አምላኬ፣ አሁንን ብቻ አሳልፍልኝ አለች በሆዷ።

ምንም አልተሰማም። ጭራሽ ምንም። ያኔ ሌላ ፍርሃት ገባት፤ ምነው እንዲህ ጭጭ አለ?

«ወድጄዋለሁ» አለች ሴትዮዋ። «ከኩሽናው ኋላ ያለችውስ ክፍል?»

«ዕቃ ማስቀመጫ ናት። ቁልፏ ዛሬ የለኝም እንጂ...»

«ግድ የለም፣ ትፈርሳለች። ከጎኗ ካለው ክፍል ጋር ቀላቅዬ ለእናቴ ሰፊ መኝታ አደርግላታለሁ።»

ደላላው ጉሮሮውን ጠረገ። «እማማ ጎበዝ ሠራተኛ ናቸው፤ ቤቱን እየጠበቁ ቢቀጥሉ ምናልባት...»

«እናቴን የምታስታምም ልጅ አለች። ሰው አልፈልግም» አለች፤ ቀጥላም ለእትዬ ሰም አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ «ወለሉን ግን እንዴት አድርገው እንደያዙት! እጅዎ ይባረክ» ብላ ወጣች። ደላላው ከኋላዋ ሲከተል ወደ አሮጊቷ አላየም።

እትዬ ሰም እየተደናገጠች የጠባቧን ክፍል በር ከፈተች። ባሏ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። የብርድ ልብሱን ጫፍ ነክሶታል፤ ዓይኖቹ ደም መስለዋል፤ ብርድ ልብሱም ደም ነክቶታል።

«ያዝኩት» አለ እያለከለከ። «አየሽ አይደል? ያዝኩት።»

«ያዝከው፣ የኔ ጌታ።»

«ወደደችው?»

«በጣም ወደደችው...»

«ተይው፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ሰምቻለሁ።» አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ሲያፈርሱት ብናኙን ሌላ ሰው ይዋጠው። እኔ ጠግቤያለሁ።»

«አፍህን ያዝ፣ አንተ ሰውዬ!»

«አንቺስ? ከጠዋት ጀምሮ እህል ቀምሰሻል? ቁጭ በይ።»

«ሻንጣውን ላውርድ...»

«ቁጭ በይ አልኩሽ። ዛሬ ገና ማንም አላባረረሽም።»

እትዬ ሰም ሻንጣውን ተወችው። ከዚያ ወደ ሳሎን ሄዳ፣ ደላላው ለዕይታ ካስቀመጣቸው ባለ ከፈይ ወንበሮች አንዱን እየጎተተች አመጣችና ከአልጋው ጎን አቆመችው። የጠዋቱን ድንች ከነድስቱ ጭኗ ላይ አደረገች። ቀዝቅዟል፤ ዘይቱ ረግቷል። ተቀመጠች። ዳቦውን ቆረሰችና መብላት ጀመረች።