በሁዳዴ የተሰቀለው ጠርሙስ

ይጁቤ ገበያ ጤፍ እየሰፈርሁ ሳለ ሆዴን ቆረጠኝ። ቁናውን እንደ ያዝሁ ጎንበስ አልሁ፤ ቀና ማለት አቃተኝ። “ምች ነው” ያለም አለ፣ “ኮሶ ነው” ያለም አለ። እኔም ሞኝ፣ ቤቴ ገብቼ ኮሶ ጠጣሁ። በማግስቱ ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ። የቀመስሁት ሁሉ ይመለሳል። ፈስ እንኳ እምቢ አለኝ። አትሳቁ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቁኝ እሱኑ ነው።

ይህ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ባሌና ጎረቤቶቼ በቃሬዛ ተሸክመው ደብረ ማርቆስ አደረሱኝ። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነበሩ፤ ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር ያስተረጉማል። “አንጀቷ ተጠማዟል። ዛሬ ካልተከፈተች ነገ የለችም” አሉ። ተከፈትሁ። የሞተውን ቆርጠው ጣሉት፣ ደኅናውን ሰፉት።

በስድስተኛው ቀን ስፌቱ ለቀቀ። ከቁስሌ የአንጀት ውኃ ፈሰሰ። ፊስቱላ ይሉታል። ትኩሳት ያዘኝ። በአፌ ውኃ ተከለከልሁ። ክንዴ ላይ ግሉኮስ ሰኩልኝ። ከሳሁ። አምባሬ ከእጄ ሾልኮ ወደቀ።

አንድ ጠዋት ሐኪሙ አልጋዬ አጠገብ ቆሙ። “ግሉኮስ ማገዶ ነው፤ የተቀደደ አንጀት አይጠግንም። ለመጠገን ፕሮቲን ያስፈልጋል። በአፏ መብላት ስለማትችል በደም ሥሯ እንሰጣታለን” አሉ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አሚኖ አሲድ የሚባል መድኃኒት በጠርሙስ አስመጥተውልኝ ኖሯል።

“ምንድን ነው እሱ?” አልሁት ድሬሰሩን።

“እትዬ፣ ሥጋና እንቁላል ሆድ ገብቶ ሲፈጭ የሚወጣው ነገር ነው። ይኸኛው ተፈጭቶ የመጣ ነው በይው።”

ሰውየው በቅንነት ነው ያስረዳኝ። እኔ ግን “ሥጋ” ካለ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም።

“እምቢ! ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሁዳዴ ገድፌ አላውቅም። በአፌ ያልበላሁትን በክንዴ ልታበሉኝ ነው?”

ባሌ ደግሞ ያባብሳል። እሱ አሲድ ሲባል የሰማው የአውቶቡስ ባትሪ ውስጥ ሲጨምሩ ነው። “ጉድ ፈላ! የተረፈውን አንጀቷን ሊያቃጥሉት ነው” አለ።

ሐኪሙ አልተቆጡም። “ያለዚህ ቁስሉ አይዘጋም። ካልተዘጋ ትሞታለች” ብለው ሄዱ።

ፈራሁ። እውነቱን ልናገር፣ ሞትን ፈራሁ። ገድፌ መሞትን ግን አብልጬ ፈራሁ።

ባሌ ዲማ ገዳም ድረስ በእግሩ ሄዶ በአራተኛው ቀን የንስሐ አባቴን ይዞልኝ መጣ። የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው። “ሕመምተኛ ጾም የለበትም! አንቺን ማን ፈራጅ አድርጎ ሾመሽ?” ብለው ተቆጡኝ። እኔ አሁንም ራሴን ነቀነቅሁ። ያን ጊዜ ወደ ድሬሰሩ ዞረው፣ “ለመሆኑ ስሙ ማን ይባላል?” አሉት።

“አሚኖ አሲድ።”

“አሚኖ?” የኔታ ሳቃቸው መጣ። “ስሙማ የእኛው ነው! በግዕዝ አሚኖ ማለት አምኖ ማለት ነው። ለሴት ሲሆን አሚና፣ አምና ማለት ይሆናል። በይ ልጄ፣ አሚና ውሰጂው። አሲዱን ለባልሽ ተይለት።”

“አቤት!” አለች ከጎኔ የተኛችው ሴት። ለካ ስሟ አሚና ነው፤ የይጁቤ ጥጥ ነጋዴ፣ ሙስሊም ናት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ቁስሌን በእጄ ደግፌ ሳቅሁ፤ ሲያበቃ ክንዴን ዘረጋሁ።

ከተሰቀለው ጠርሙስ መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፤ ድሬሰሩ ሰዓቱን እያየ ጠብታውን ይቆጥር ነበር። አንድ ቀን ቶሎ ልገላገል ብዬ ቱቦው ላይ ያለችውን ማጥበቂያ ራሴ ብፈታት፣ ብርድ ብርድ ብሎኝ አንቀጠቀጠኝ፣ አስመለሰኝም፤ የደረሰብኝን ቁጣ አልነግራችሁም። የክንዴ ደም ሥር ቀልቶ እንደ ገመድ ሲጠጥር ወደ ሌላኛው ክንዴ አዞሩት። እንዲህ እንዲህ እያለ ከቁስሌ የሚፈሰው በየሳምንቱ ቀነሰ፣ ትኩሳቱም ለቀቀኝ፣ በሰሞነ ሕማማት ደግሞ ያለ ደጋፊ እስከ በሩ ሄጄ ተመለስሁ። በፋሲካ ማግስት ሐኪሙ ሆዴን ዳብሰው “ተዘግቷል” አሉ። ሰው ሁሉ ዶሮውን ሲበላ እኔ አንድ ማንኪያ አጥሚት ቀመስሁ። በዚያ ሁዳዴ ከእኔ የበለጠ የጾመ ካለ ወዲህ ይቅረብ!

እናንተም ሆዳችሁ ተነፍቶ፣ እያስመለሳችሁ፣ ፈስና ሰገራ ከቆመባችሁ ኮሶ እንዳትጠጡ፤ ሐኪም ዘንድ ሩጡ። ያልገባችሁን ነገር ሳታፍሩ ጠይቁ፣ እስከ መጨረሻውም ስሙ። ማጥበቂያዋን አትንኩ። እምቢ ማለት ካማራችሁ ለሞት በሉት፤ እኔ ብዬው አይቻለሁ። ሐኪሙን፣ ድሬሰሩን፣ የኔታንም እግዜር ይስጥልኝ።

ባሌ ሊያናድደኝ ሲፈልግ እስከ ዛሬ “አሚና” ይለኛል። ይጁቤ ገበያ መካከል ቆሞ ሲጣራ ታዲያ ሁለት ሴቶች “አቤት!” እንላለን።