የሐኪሙ ወፎች

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከአገራችን በወጣ ማግስት፣ ከሸዋ ተመድቤ መቀሌ በጸሐፊነት በማገለግልበት ወቅት ነው። በመንግሥት ሥራ ዘመኔ ብዙ እንግዶች ተቀብያለሁ፤ በጡረታ ላይ ሆኜ ለብቻዬ የሚያስቀኝ ግን ይህ አንዱ ነው።

አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት፣ በከተማው ዳር ባለው ወንዝ አሸዋ ላይ የሚሯሯጡትን ትንንሽ ወፎች ፎቶግራፍ ሊያነሳ ፈለገ። ወፎቹ ከጭብጥ አይበልጡም፤ ደረታቸው ላይ ሁለት ጥቁር መቀነት የታጠቁ ይመስላሉ። እንግሊዝኛ በመጠኑ ስለማውቅ አለቃዬ እኔን መደቡና «ቅር ብሎት ከሄደ አንተም ከዚህ መሥሪያ ቤት ትሄዳለህ» አሉኝ።

ሥራዬን በሥርዓት ጀመርኩ። በወንዙ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙትን ሽማግሌ፣ አቦይ ሐጎስን፣ ሐኪሙ ለወፎቹ እንደሚመጣ ነግሬ፣ ሰውም ከብትም ወደ አሸዋው እንዳያስጠጉ ለመንኳቸው።

«ሊበላቸው ነው?»

«አይበላቸውም፣ አቦይ። ፎቶግራፍ ሊያነሳቸው ነው።»

«ሐኪም ነው አላልክም፣ ወደይ፣ ልጄ? ምነው ራሱን ቢያክም!» ብለው ተስማሙ።

ሐኪሙ ቀኑን ሙሉ በሆዱ እየተሳበ ዋለ። ሲጠጋቸው ይሸሻሉ፤ ሲያርፍ እነሱም ቆመው ያዩታል። አንድ እንኳ ሳያነሳ መሸ። የቀረው የማግስቱ ጧት ብቻ ነበር፤ ከቀትር በኋላ በካሚዮን ወደ አስመራ ይሄዳል።

በማግስቱ ስንደርስ አሸዋው ላይ አንድም ወፍ የለም። አቦይ ሐጎስ ክዳን ያለው ቅርጫት ይዘው ይጠብቁናል። ከፈቱት። ወፎቹ እግራቸው በክር ታስሮ በውስጡ ተኮልኩለዋል።

«እንግዳ በሆዱ ሲሳብ እያዩ ዝም አሉ ብንባል ለአገሩ ነውር ነው። በፈረስ ጭራ ወጥመድ ያዝኩለት። ይኸው፣ እንደ ሰው ተቀምጦ ያንሳቸው!»

ሐኪሙ ፊቱ ፍም መሰለ። እዚህ ልጽፈው የማይገባኝን ቃል ተናገረ። እኔም በኃላፊነት ስሜት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይላል» ብዬ ተረጎምኩ።

አቦይ ሐጎስ ትክ ብለው አዩት። «እንዲህ ቀልቶ የሚያመሰግን ሰው አይቼ አላውቅም» አሉና፣ ሐኪሙ በጣቱ ወደ ክሮቹ ሲያመለክት ተንበርክከው ወፎቹን አሸዋው ላይ እያወጡ ይፈቷቸው ጀመር።

አበቃልኝ ብዬ ቆምኩ። ወፎቹ ግን ወዲያው አልበረሩም። እግራቸው ደንዝዞ ይሁን ደንግጠው፣ እፊታችን አሸዋው ላይ ድርቅ ብለው ቀሩ። ሐኪሙ ካሜራውን ይዞ በደረቱ ተዘረረና ተራ በተራ ያነሳቸው ጀመር።

አቦይ ሐጎስ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «አሁንም ተኛ! ኧረ ምን አጎደልንበት?»

ሐኪሙ ሊሰናበት መሥሪያ ቤታችን ሲመጣ በዝግጅቴ መደሰቱን ተናገረ። አለቃዬም በባልደረቦቼ ፊት «የበሰለ አሠራር» ብለው አሞገሱኝ፤ ከዚያ ወዲህ ከባድ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚላከው እኔ ሆንኩ።

ያ ሙገሳ እስከ ዛሬ ያኮራኛል። ለምን እንደሚያኮራኝ ግን ማንም ባይጠይቀኝ እመርጣለሁ።