ከወንድሜ ጋር የቀመስኩት የሦስት ከተማ ጠጅ

እህታችን ቁርጡን ነገረችን፤ ሁለታችሁ አንድ ላይ ቆማችሁ ካልዳራችሁኝ ሠርጉ ይቅርብኝ አለች። እኔና ታላቅ ወንድሜ በአባታችን መሬት ሰበብ ከተኳረፍን ቆይተናል። ሽማግሌ ገብቶ አስታርቆናል፤ ማለት ሽማግሌ ፊት ተቃቅፈናል። ለእሷ ስንል የሠርጉን ጠጅ አብረን ልንመርጥ ወጣን።

ከእኔው ከሰበታ ጀመርን። ጠጁ ጣፋጭ ነው፣ ሴት ወንድ ሳይል ይጠጣል። ወንድሜ አንዴ ፉት አለና ስኳር ነው ብሎ ብርሌውን ገፋው፤ ያውም የጠጅ ቤቱ ባለቤት ፊት! ቡራዩ የእሱ መኖሪያ ነው። እዚያ ደግሞ ጌሾ በዝቶበት አንጀቴ ድረስ መረረኝ። ወንድ የሚጠጣው እንዲህ ያለውን ነው አለኝ። መድኃኒት ከሆነማ በማንኪያ ይሰጠን አልኩት። ከዚያ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እሱ በመስኮት እኔ በበሩ በኩል እያየን ሱሉልታ ደረስን።

ሱሉልታ ብርድ ነው፤ ጠጁ ቶሎ አይደርስም፣ ሲደርስ ግን ደረሰ ነው ይላሉ። የሚጥሉት አሮጊት አካም ጅርቱ ብለው ተቀበሉን። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ጓዳ ገብተህ ራስህ ቅዳ አሉኝ። እዚያው ቆሜ ቀመስኩት። ማሩም አለ፣ ጌሾውም አለ፣ አንዱ በሌላው ላይ አይጮህም። ቀኑን ሙሉ ስነጫነጭ የዋልኩት ሰውዬ ደስ አለኝ። አገኘነው ብዬ ለወንድሜ ሞላ አድርጌ ቀዳሁለትና በሁለት እጄ ሰጠሁት።

አሸተተው። ቀና ብሎ አየኝ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«መጀመሪያ አንተ ቅመሰው» አለኝ።

«ጓዳ ቀምሻለሁ።»

«ከዚህኛው።»

አሮጊቷ ሰምተዋል፤ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ለእናቴ ልጅ መርዝ! ደሜ ፈላ። ብርሌውን አንስቼ ግጥም አድርጌ ጠጣሁት። እሱ ሆዬ ጉሮሮዬን እያየ ጠበቀ፣ እንኳን ሊያፍር ዓይኑንም አልሰበረም። ከዚያ ተነስቶ ራሱ ጓዳ ገባ፣ ራሱ ቀድቶ መጣ፣ ጠጣ። ጥሩ ነው አለ።

ስልኩ ጮኸ፤ እህታችን ናት። ተገኘ፣ ከወንድምሽ ጋር እየቀማመስን ነው፣ ፍቅር ነን አላት እየሳቀ። ስልኩን ከእጁ ቀማሁት።

«እህቴ፣ የሱሉልታው ጠጅ ጥሩ ነው፣ እሱ ይሁንልሽ» አልኳት። «ሠርግሽ ላይ ግን እኔን እንዳትጠብቂኝ።»