ላስቲክ የሌለው ብሬስ

የግንቦት ልደታ ዕለት እንደ ልማዳችን ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ንፍሮ ቀቅለን ተሰብስበናል። ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ጎረቤቴ ጥርሷ እንዲቃና ብሬስ የታሰረላትን ልጇን አገጯን ይዛ ወደ እኔ አዞረቻት።

«እስቲ ጥርስሽን አሳያት። የዶክተር እናት፣ ነይ እዪልኝ! የአክስቷ ልጅ ብሬስ ላይ ቀይ ሰማያዊ ላስቲክ ተደርጎበታል። የኔዋ ላስቲኩ የታለ? ልጅሽ ረስታዋለች እንዴ?»

ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸውን አሰገጉ። አንዷ «ላስቲክ ተወዶ ይሆናል» ስትል ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ የያዝኩትን ንፍሮ ግን ሳልቀምሰው አስቀመጥኩት።

ልጄ ጥርስ ማቃናት ተምራ ሥራ ከጀመረች ገና ቅርቧ ነው። ከግቢያችን መጀመሪያ ያመነቻት ይህቺው ጎረቤቴ ናት፤ ያሳመንኳትም እኔው። ፊደል ከመቁጠር ብዙም አልዘለልኩ፣ ስለ ጥርስ የማውቀው የወለቀውን የወተት ጥርስ ጣሪያ ላይ መወርወር ነው። ምን ብዬ ልመልስላት? እውነትም ረስታ ከሆነስ? አንዴ «ትረሳለች» ከተባለች የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

«ነገ ራሷን እንጠይቃታለን» አልኩ። ስልክ ልደውልላት አስቤም ተውኩት። አዎ ረስቻለሁ ብትለኝስ?

በማግስቱ ከጎረቤቴና ከልጇ ጋር ታክሲ ይዘን ክሊኒኳ ሄድን። ልጄ ነገሩን ስትሰማ አልተቆጣችም። ልጅቱን ወንበሩ ላይ ጋደም አድርጋ ለእናቷ መስታወት ሰጠቻት።

«እትዬ፣ ድሮ ዋናውን ሽቦ ጥርሱ ላይ ከተለጠፉት ብረቶች ጋር የሚያስሩት በሌላ ቀጭን ሽቦ ነበር፤ አንድ በአንድ እየጠመዘዙ። ኋላ ላስቲክ መጣ። እሱም ይላላል፣ የወጥ ቀለም ይይዛል፣ ይቀየራል። ይኼኛው ግን ሽቦውን የሚይዝበት የራሱ በር አለው። ይዩት።»

በቀጭን መሣሪያ ነካ አደረገችው። የምስር ፍሬ የማታህል በር ተንሸራታ ተከፈተች፤ ሽቦው ከውስጥ ታየ። ገፋ ስታደርጋት ቀጭ ብላ ተዘጋች። ለካ አልረሳችም!

«በይ እንግዲያው ቶሎ ያቃናላታል በይኝ!» አለች ጎረቤቴ።

«እሱን አልልዎትም፣ እትዬ። ጥርስ የሚሄደው በራሱ ጊዜ ነው። የተቀየረው አስተሳሰሩ ነው፤ ላስቲክ መቀያየር ቀረ፣ ለእኔም መክፈት መዝጋቱ ቀለለኝ።»

«አዎ» ብትላት ማን ያውቅባት ነበር? እኔ ብሆን፣ ያን ሁሉ የግቢ ሳቅ ለማፈን ስል እላት ነበር። ልጄ አላለችም። ነጭ ጋውኗን ለብሳ፣ ያወቀችውን ያህል ብቻ ተናገረች። ቆሜ ሳያት ቁመቷ የጨመረ መሰለኝ።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጎረቤቴ አጠገቧ ለተቀመጠች ለማታውቃት ሴት የልጇን ከንፈር ገልጣ ታሳያለች።

«ላስቲክ የለውም እኮ! በር ነው ያለው፣ ቀጭ ይላል።»

«እማ፣ ተይ በቃ!» አለች ልጅቱ አፏን እየሸፈነች።

«ዝም በይ አንቺ። ያሰረችላት የግቢያችን ልጅ ናት።»

«የማን ልጅ?» አለች ሴትዮዋ።

ጎረቤቴ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ። «ተናገሪ እንጂ፣ የዶክተር እናት! ምላስሽን ማን አሰረው?»

«የእኔ!» አልኩ። ሳላስበው ጮክ ብዬ ኖሮ፣ ረዳቱ ሒሳብ መሰብሰቡን ትቶ ዞሮ አየኝ።