ሐዘኑ የወጣለት የካንትሪ ዘፈን

«ሐዘኑን አውጥቼለታለሁ ጋሼ፤ ዜማው ግን እንዳለ ነው።»

ዛሬ እዚህ ሞያሌ አንድ ዲጄ ለባለሆቴሉ ለጋሽ በላይ እንዲህ ሲል ሰማሁት። የወጣው ሐዘን የት እንደተቀመጠ አልጠየቅኩም።

ጋሽ በላይ ገበያ ካላገኙ ሆቴሉን ሊዘጉት ነው። ጥፋተኛ ያደረጉት ራሳቸው የሚወዱትን፣ ትካዜ የሚያዜም የአሜሪካ ካንትሪ ዘፋኝ ነው፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች እሱን እየሰሙ፣ አንገታቸውን ደፍተው በአንድ ሻይ ይውላሉ። ስለዚህ ጋሽ በላይ ምርጥ ዘፈኖቹን በዲጄው በጭፈራ ምት አሠሯቸው።

ሾፌሮቹ ወንበሩን ገፍተው እስክስታ ወረዱ።

«ምን ይምጣላችሁ ልጆቼ?»

«ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ ይበሉ ጋሼ! ይሄ ዘፈን ይለቅና እናዛለን።»

ዲጄው ግን ዘፈኖቹን ያለ ፋታ ቀጣጥሏቸዋል።

እናንተስ ሰፈር የትኛው ዘፈን እንዲህ ታድሶ ምን አመጣ? ጻፉልኝ።

እስካሁን ሻይ ያዘዝኩት እኔ ብቻ ነኝ።