እህቴ ሆን ብላ የሳተችው ኳስ

ውድድር ማዘጋጀት እችልበታለሁ። ጉራ ነው የሚል ካለ ይበል። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ የከተማ አውቶቡስ የሚነዳ ሰው ሁለት ነገር ይማራል፤ በር ለሁሉም እኩል መክፈትና ተሳፋሪ ስለለመነው ብቻ መንገድ አለመቀየር። እዚህ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ በየዓመቱ የምናካሂደውን የኤልጂቢቲ ማኅበረሰብ የቦውሊንግ ውድድር የምመራውም በዚሁ ጠባዬ ነው። ሌሎቹ አዘጋጆች ከኋላዬ "ኮሎኔሉ" ይሉኛል። ሰምቻለሁ፤ አልከፋኝም።

የእኛ ውድድር ለመግባት ቀላል፣ ለማጭበርበር ከባድ ነው። ወንድና ሴት ብለን አንከፍልም፤ የምንከፍለው በችሎታ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ሰውየው ልጠራበት ያለው ስም ነው፤ መታወቂያው ላይ ምን እንደተጻፈ የሚጠይቀው የለም። ፎቶ መነሳት የማይፈልጉ ጥግ ያሉት መስመሮች ላይ ይጫወታሉ፤ ወደዚያ ስልኩን ያዞረ ሰው ጉዳዩ ከእኔ ጋር ነው። ደካማ ተጫዋች እንደ ችሎታው ተጨማሪ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ሃንዲካፕ የሚባለው ይህ ነው። ሃንዲካፕ ባለበት ደግሞ ተንኮል አይጠፋም፤ ደካማ መስሎ ነጥብ ለማግኘት አውቆ የሚስት አለ። ስለዚህ በእኛ ሕግ ሆን ተብሎ የተሳተ ኳስ ተሰርዞ ይደገማል፤ የተሰረዘበት ምክንያትም በማይክሮፎን ይነገራል። ሕጉን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ውድድር ታላቅ እህቴ መጣች። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ትኖራለች፤ በነርስ ረዳትነት ትሠራለች፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሳትደውልልኝ አትውልም። ባለቤቴ እንደ እኔው ወንድ መሆኑን ካወቀች ዓመታት አልፈዋል። አልተጣላንም። ግን አንድም ቀን አናግራው አታውቅም። ሴንትራል ፓርክ ሰፈር ያለው ቤታችን ድረስ ምግብ ታመጣለች፤ በመኪናዋ መስኮት አቀብላኝ ትመለሳለች። ስልኬን እሱ ካነሳው ትዘጋለች። እኔ ሰው ፊት ኩራተኛ ነኝ፤ በዚህ ጉዳይ ግን አንጀቴ ያርር ነበር። ምርቃት አልጠየቅኳትም። አንድ ቃል እንድታናግረው ብቻ ነበር የምፈልገው።

የመጣችውም ስለጋበዝኳት ሳይሆን ስለተቆጣች ነው። ስልክ ላይ ስናወራ ውድድሩ ምሳ እንዳለው ነገርኳት።

"ማነው የሚያስተናግደው?" አለችኝ።

"ሁሉም ራሱ ያነሳል።"

"ድግስ ደግሰህ እንግዳ ራሱን ያስተናግድ? ዘመድ የለውም ወይ ቢሉህስ?"

ቅዳሜ ጠዋት የምስር ሳምቡሳ በትልቅ ትሪ ተሸክማ ገባች። ባለቤቴ ነጥብ መመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ከመቀመጫው ተነሳላት። አንገቷን ሰበር አድርጋ አለፈችው።

ጥቂት ቆይቶ ጉድ ፈላ። ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ ነድተው የመጡት ሁለት ሴቶች ሦስተኛ ጓደኛቸው ትኩሳት ይዟት ቀረችባቸው። ቡድን ሦስት ሰው ነው፤ ካልሞላ አይጫወትም። ሴቶቹ ሳምቡሳ የምታዞረውን እህቴን አዩና "አንቺስ?" አሏት። እህቴ እንግዳ ሲለምናት እምቢ ማለት አልፈጠረባትም። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ የቦውሊንግ ጫማ አጠለቀች።

ኳሱን በሁለት እጇ ይዛ አጎንብሳ እንደ ወፍጮ መጅ ትገፋው ነበር። ያየ ሁሉ ሳቀ። ኳሱ ግን እየተንቀራፈፈ ሄዶ መስመሩ ጫፍ ላይ ከቆሙት አሥር ፒኖች አብዛኞቹን ይጥላል! ለጀማሪ የሚሰጠው ነጥብ ሲጨመርበት ቡድኗ እያለፈ እያለፈ የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ደረሰ። ተጋጣሚዎቿን የሚመሩት ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ነበሩ። ዳሌያቸው ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ወዲህ ከቤት ሲወጡ የመጀመሪያቸው መሆኑን ሳምቡሳዋን እየበሉ አጫውተዋታል።

የመጨረሻው ኳስ የእሷ ነበር። ዘጠኝ ፒን ብትጥል ታሸንፋለች። ሽማግሌውን ዞር ብላ አየቻቸው። ከዚያ ኳሱን አስተካክላ፣ ምንም ሳትቸኩል፣ ጠርዝ ላይ ያለው ቦይ ውስጥ ሰደደችው። ለሽማግሌው አጨበጨበችና ፊቷ በርቶ ወደ እኔ መጣች።

"ለቀቅኩላቸው" አለችኝ በአማርኛ። "እንግዳችን አይደሉ? እንግዳ ጠርቶ ማሸነፍ ነውር ነው።"

እንግዳችን አለች። ራሷን ከእኛ መቁጠሯ ደስ ብሎኝ ነገሩን በዚያው ልተወው እችል ነበር። አዳራሹ ውስጥ ከእኛ ሌላ አማርኛ የሚሰማ የለም፤ ዝም ብል ማንም አያውቅም። ሰው ፊት ካዋረድኳት ደግሞ ትሪዋን ይዛ ትወጣለች፤ ዳግመኛ አትመጣም፤ ባለቤቴም ያቺን አንድ ቃል ሳይሰማ ይቀራል። ይህን ሁሉ አሰብኩት። ግን ሽማግሌው የታዘነላቸው ይበቃቸዋል። ሁላችንንም ይበቃናል። ያን ቦታ ያዘጋጀሁት ሰው ከምሩ ሊያሸንፈን እንዲሞክር ነው።

"እታለም፣ ኳሱ ይደገማል" አልኳት።

"ምን?"

"ሕግ ነው። ምክንያቱንም እናገራለሁ።"

"እኔን? በሰው ፊት?" ፊቷ ተለዋወጠ። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲሉ አልሰማህም?"

ማይክሮፎኑን አነሳሁ። ተጫዋቿ ለተጋጣሚዋ አዝና አውቃ ስለሳተች ኳሱ ይደገማል አልኩ። ሽማግሌው በከዘራቸው ወለሉን መቱ።

"ማነው ምጽዋት የጠየቀ?" አሉ እየሳቁ። "ወርውሪ እንጂ!"

እህቴ ተመልሳ ኳሱን አነሳች። ቀን ሙሉ እንደዚያ ገፍታው አታውቅም። ፒኖቹ ተንኮታኮቱ። ሦስት ብቻ ቆመው ቀሩ። ሁለቱ ቢወድቁ ታሸንፍ ነበር። አሁን እውነተኛ ተሸናፊ ሆነች፤ መሸነፍ ደግሞ እንደማትወድ ያን ጊዜ ያወቀች ይመስለኛል። ሽማግሌው መጥተው አቀፏት፤ ሴቶቹም አቀፏት። እሷ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም።

ትሪዋን ታነሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ትሪውን አልፋ ነጥብ መመዝገቢያው ጠረጴዛ ድረስ ሄደች። ወገቧን ይዛ ባለቤቴ ፊት ቆመችና በእንግሊዝኛ ጠየቀችው፦

"እቤትም እንዲህ ነው?"

ባለቤቴ ወደ ኋላው ዞሮ አየ፤ ሌላ ሰው የምታናግር መስሎት ነው። ማንም የለም።

"ይብሳል" አላት። "ሳህን አደራደር እንኳን ሕግ አለው።"

"ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር። ቆይ ልንገርህ" አለችና ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

አሸናፊዎቹን መጥራት ነበረብኝ፤ ሰዓት አሳልፌ አላውቅም። ማይክሮፎኑን አጥፍቼ ቆምኩ። ሁለቱ ራስ ለራስ ገጥመው እኔን እያሙ ሲስቁ እያየሁ አለቀስኩ፤ ያየኝም ይየኝ።